መድኃኒቱ ሳይሞትብን

ከእኔ ጋር ለሸበታችሁ፣ ዕድሜያችሁን በወረዳ የእንስሳት ክሊኒክ በር ላይ የተጎተተ በግና የተነዳ በሬ ስትቀበሉ ላሳለፋችሁ፣ ዛሬ ጡረታ ወጥታችሁ የመድኃኒት መደብር ለከፈታችሁ ወይም በየቀበሌያችሁ ምክር ለምትጠየቁ ወንድሞቼና እኅቶቼ ይህን እጽፋለሁ። ጉዳዩ አልቤንዳዞል ነው። በአገራችን በግና ፍየል ባለበት ደጅ ሁሉ ገብቷል፤ ገበሬው ስሙን ባይጠራው እንኳ በጉ በጠወለገ ቁጥር «የትል ክኒን ስጡኝ» ብሎ የሚቀበለውን ያውቃል። መድኃኒቱ ሞቷል ልላችሁ አልመጣሁም፤ በብዙ መንደር ገና ይሠራል። የሚያስጨንቀኝ አያያዛችን ነው፤ ዓይኔ እያየ ከእጃችን የወጡትን ሌሎች መድኃኒቶች የያዝነው ልክ እንደዚህ ነበርና። መድኃኒት በአንድ ቀን አይሞትም። ለዓመታት እየሠራ ይመስላል፣ ከዚያ ማጠራጠር ይጀምራል፣ ሰጪው መጠን ተሳስቼ ይሆናል ይላል፣ ተቀባዩ ክኒኑ አሮጌ ነበር ይላል፣ እንዲህ ሲባባል ክረምቱ ገብቶ መንጋው ሲያልቅ ያን ጊዜ የሚሰጥ ነገር አይገኝም።

ልጆቻችን ይህ ክኒን ከጥንት የነበረ ይመስላቸዋል። የዚህ የመድኃኒት ቤተሰብ የበኩር ልጅ ታያቤንዳዞል ከመርክ ኩባንያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው፤ አልቤንዳዞል ራሱ በስሚዝክላይን ቤተ ሙከራ የተገኘው በ1972 ነው። ከዚያ በፊት አያቶቻችን ለራሳቸው ሆድ ኮሶና እንቆቆ ይጠጡ ነበር፤ ኮሶ የሚያዘጋጅ ሰው ያነሰው እንደማያሽር፣ የበዛው እንደሚገድል ስለሚያውቅ የጠጪውን አቅም አይቶ፣ ዕድሜውን ጠይቆ፣ ሴት ከሆነች እርጉዝ አለመሆኗን አረጋግጦ ነበር የሚሰጠው። አልቤንዳዞል ሲመጣ ይህ ፍርሃት ከላያችን ተነሣ። እንደ ኮሶ አይመርም፣ መጠኑ ጥቂት ቢያልፍም እንስሳውን አይጥልም፣ ዋጋውም ድሀ የሚደፍረው ነው። ይህ ደግነቱ ነው ንቀትን ያስተማረን። የሚያስፈራ መድኃኒት በጥንቃቄ ይሰጣል፤ የማያስፈራውን ግን ማንም በፈለገው ቀን፣ በፈለገው ልክ፣ ለፈለገው እንስሳ ያድለዋል።

ክኒኑ የሚከላከልልንን ጠላት ደግሞ የረሳነው ይመስለኛል። በበግ አራተኛ የጨጓራ ክፍል የሚቀመጠው ሄሞንከስ የተባለው ትል ደም መጣጭ ነው። አንዱ ትል በቀን የሚመጠው ከአንድ ጠብታ አይበልጥም፤ አንድ ሺህ ትል የተሸከመች በግ ግን በየቀኑ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ታጣለች፣ እያንዳንዷ ሴት ትልም በቀን ከ5,000 እስከ 10,000 እንቁላል በበጠጥ ውስጥ ወደ ግጦሹ ትጥላለች። ክረምት ሲወጣ በግ ሲወድቅ ያየ ሰው ምልክቱን አይረሳም። የዓይኗ ቆብ ሲገለጥ ቅላቱ ጠፍቶ ነጥቶ ይገኛል፣ ከመንጋጋዋ ሥር ውሃ የቋጠረ እብጠት ይንጠለጠላል፣ ጠዋት ከበረት ስትወጣ ከመንጋው ኋላ ትቀራለች። አንዳንዷም ሥጋዋ ሳይጎድል፣ ሳታስቀምጥ፣ እረኛው ሳያውቅባት በመስክ ላይ ወድቃ ትሞታለች። በመንዝ ደጋ ገብሱን ውርጭ ሲመታው የልጆች ደብተርና የቤቱ እህል የሚገዛው በበግ ነው፤ በጉ ሲሞት የሚጎድለው ብዙ ነው።

አሁን በአንድ የደጋ ከተማ በገበያ ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ፤ በየሳምንቱ የምታዩት ስለሆነ አዲስ አይሆንባችሁም። አንዲት እናት ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ብር ፈትታ አንድ 300 ሚሊ ግራም የበግ ክኒን ገዛች፤ ቤቷ አራት በግ እንዳላትም ለሻጩ ነገረችው። እሱ ክኒኑን በምላጭ አራት ቦታ ቆረጠው፣ በጋዜጣ ጠቀለለላት፣ ጠረጴዛው ላይ ዱቄት ሆኖ የቀረውን በመዳፉ ጠረገው። የበጎቹን ክብደት አልጠየቃትም። ከዚህ በፊት መቼ እንደሰጠቻቸው፣ ከመካከላቸው ገና ያረገዘች እንዳለች አልጠየቃትም፤ ይህ መድኃኒት በእርግዝና የመጀመሪያ ወር ሲሰጥ ጽንሱን ሊያበላሽ እንደሚችል በየማሸጊያው ተጽፎ እያለ። 25 ኪሎ የምትመዝን በግ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ሲታሰብላት 125 ሚሊ ግራም ያስፈልጋታል፤ ከዚያ ጥቅል የሚደርሳት ቢበዛ 75 ነው። ከአራቱ አንዷ ፍየል ብትሆን ጉድለቱ ይብሳል፤ ፍየል መድኃኒቱን ከሰውነቷ ቶሎ ስለምታስወግድ የበጉን መጠን አንድ ተኩል እስከ እጥፍ ትፈልጋለችና። ሌላው ገበሬ ደግሞ 2,500 ሚሊ ግራም የሆነውን የከብት ክኒን ገዝቶ በድንጋይ ይወቅጠዋል፣ በውሃ በጥብጦም ለመንጋው ሁሉ በጠርሙስ ያጠጣል፤ ፊት የመጣችው ቀጭኑን ውሃ፣ ኋላ የደረሰችው አተላውን ትጠጣለች።

እናቲቱን አልወቅሳትም። ለአራቱም የሚበቃ ክኒን ለመግዛት ተጨማሪ ብር ያስፈልጋት ነበር፣ ያም አልነበራትም። ቃሌ ከጠረጴዛው ወዲያ ቆሞ ምላጩን ለያዘው፣ ሙያውን ለተማረው፣ ለሚያውቀው ነው። የሚያውቅ ሰው ዝም ሲል የማያውቀው ትክክል የሆነ ይመስለዋል፤ ሩብ ክኒን ከባለሙያ እጅ ሲወጣም በመንደሩ ሁሉ ሥርዓት ይሆናል።

ሩብ ክኒን ትሉን ምን እንደሚያስተምረው እንደገና እናስበው፤ ተምረነው የረሳነው ነገር ነውና። የትሉ ሕዋስ እንደ ቤት ምሰሶና ማገር በጥቃቅን ቱቦዎች ይቆማል፤ ቱቦዎቹ የሚሠሩት ቱቡሊን ከተባለ ፕሮቲን ነው። አልቤንዳዞል ከዚህ ፕሮቲን ጋር ይጣበቅና ቱቦዎቹ እንዳይገጣጠሙ ያደርጋል፤ ትሉ ስኳር ወደ ሰውነቱ ማስገባት ያቅተዋል፣ ተርቦም ይሞታል። ነገር ግን በሚሊዮኖች መካከል በዚያ ፕሮቲን 200ኛ ቦታ ላይ ፌኒልአላኒን መሆን ሲገባው ታይሮሲን ይዘው የሚወለዱ ጥቂት ትሎች አሉ፤ መድኃኒቱ እነሱን በደንብ አይዛቸውም። ከእናትም ከአባትም ይህን የወረሰ ትል መድኃኒቱን ይቋቋማል። ከአንዱ ወላጅ ብቻ የወረሰው ግን በሙሉ መጠን ሊሞት የሚችል ነው፤ በግማሽና በሩብ ስንሰጥ የምናተርፈው ይህንን ነው። ከሞት የተረፈውም ከመሰሉ ጋር ይዳቀላል፣ በቀን ሺህ ሺህ እንቁላል ይጥላል፣ ከጥቂት ትውልድ በኋላም ግጦሹ በልጅ ልጆቹ ይሞላል። የትል ትውልድ ደግሞ በሳምንታት የሚቆጠር ነው፤ የእኛ አንድ ክረምት ለእሱ ብዙ ዘመን ነው። አንዴ በመንጋው የሰፈነ ይህ ባሕርይ መድኃኒቱን ለጥቂት ዓመታት ስላቆምን ብቻ ተመልሶ አይጠፋም።

ጎጂው የመጠን ማነስ ብቻ አይደለም። በበጋ፣ ሣሩ ደርቆ መሬቱ ሲሰነጠቅ፣ በግጦሽ ላይ የሚተርፍ እጭ ጥቂት ነው፤ ትሉ አብዛኛው በእንስሳው ሆድ ውስጥ ነው ያለው። ያን ጊዜ የቀበሌውን በግ አንድም ሳናስቀር በዘመቻ ስናክም ከሞት የሚተርፉት መድኃኒቱን የተላመዱት ብቻ ናቸው፤ ክረምት ሲገባም መስኩን የሚዘሩት እነሱ ይሆናሉ። ዘመቻው በሪፖርት ላይ ያምራል። ይህን ያህል ሺህ እንስሳ ታከመ ይባላል፣ ቁጥሩ ወደ ዞን ይሄዳል፣ ከዞን ወደ ክልል ይሄዳል፣ ስንቱ ትል ሞተ ብሎ የጠየቀ ግን የለም። ቁጥር እየተደሰተ መንጋ ሲመነምን ማየት ለእኔ ዕድሜ ሰው ከባድ ነው።

ይህን የምለው መጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። ጊቤ ሸለቆ የሠራችሁ ታስታውሳላችሁ። ገንዲ በሬውን ሲያከሳ ዲሚናዚን እንወጋ ነበር፣ ሲደጋገም አይሶሜታሚዲየም እንወጋ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ማብቂያ ላይ ግን በሬው በመርፌ ላይ መርፌ እየተወጋ መክሳቱን አልተወም። ያኔ ኢልካ ይባል የነበረው የምርምር ማዕከል ሰዎች ከዚያ ሸለቆ ከብት የወሰዱትን ተህዋስ ፈትሸው በ1993 ባወጡት ጽሑፍ ያረጋገጡት፣ ለገንዲ ከያዝናቸው መድኃኒቶች ብዙዎቹን በአንድነት የሚቋቋም መሆኑን ነው። ገበሬው ይህን ከማንም ቀድሞ አውቆት ነበር፤ በሬውን በርካሽ ሸጦ ማሳውን በዶማ ሲቆፍር ነበርና። የሰውንም ወገን አትርሱ። የክሎሮኪንን ክኒን ትኩሳት ሲበርድ ጥለን፣ የተረፈውን ለጎረቤት ልጅ ሰጥተን፣ ሁለቱን ውጠን ሁለቱን አስቀምጠን ኖርን፤ በ1998 እ.ኤ.አ. መድኃኒቱ ለዋናው ወባ አልበቃ ብሎ በፋንሲዳር ተተካ፣ ፋንሲዳርም በ2004 ለኮአርቴም ቦታውን ለቀቀ። በመካከሉ የ2003 የወባ ወረርሽኝ ደረሰ። የዚያን ዓመት ቀብር የቀበረ ሰው መድኃኒት ሲደክም ምን ማለት እንደሆነ ማስረጃ አይጠይቅም።

ከእኛ ርቆ የሆነውም ያው ነው። ታያቤንዳዞል በ1961 ወጣ ብያለሁ፤ በ1964 የአሜሪካ በጎች ሄሞንከስ እንደተላመደው ተጽፎ ወጥቷል። ሦስት ዓመት ብቻ! ደቡብ አፍሪካ በ1980ዎቹ በአንድ እርሻ ላይ ብዙ ዓይነት መድኃኒት በአንድነት የሚቋቋም ትል ስታገኝ፣ ሀብታም አርቢዎቿ የሚገዙት አጥተው ሳይሆን የሚሠራ አጥተው ተጨነቁ። አዲስ መድኃኒት ይመጣል የሚል ተስፋ በየስብሰባው እሰማለሁ። ሞኔፓንቴል የተባለው ፍጹም አዲስ መድኃኒት ኒው ዚላንድ ውስጥ ለገበያ የቀረበው በ2009 ነበር፤ በ2013 እዚያው አገር የተላመደው ትል መገኘቱ ተዘገበ። እነሱ አንዱ ሲደክም ሌላውን የሚገዙበት አቅም አላቸው። በእኛ ወረዳ መደብር መደርደሪያ ላይ ያለው አልቤንዳዞልና መሰሎቹ፣ ቴትራሚዞልና አይቨርሜክቲን ነው፤ ከእነሱ ወዲያ ለበግ የትል መድኃኒት ብላችሁ ብትፈልጉ እጃችሁ ባዶ ግድግዳ ይነካል።

በቤታችንም ተከስቷል። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የፍየል መንጋ ውስጥ አልቤንዳዞልን፣ ቴትራሚዞልንና አይቨርሜክቲንን የሚቋቋም ትል አግኝቷል። ይህ በራሱ ሊያስደነግጥ ይገባል። ያው ጥናት ግን በአካባቢው ገበሬዎች በግና ፍየል ላይ መድኃኒቶቹ ገና እንደሚሠሩ አሳየ፤ ተመራማሪዎቹም ከዚያ አልፈው፣ የዩኒቨርሲቲው መንጋ መድኃኒት ባልለመደው የገበሬዎቹ ትል እንዲበከል በማድረግ የመድኃኒቶቹን ኃይል ለመመለስ ሞከሩ፣ ተሳካላቸውም። ይህን ስትሰሙ ልባችሁ ይረፍ። በድሀው ገበሬ መንጋ ውስጥ ያለው፣ ሁልጊዜ መድኃኒት ያልቀመሰው ትል፣ ለካ የአገር መጠባበቂያ ነው፤ እሱን ሳንጨርሰው ከያዝነው መመለሻ መንገድ አለን። በየቀበሌው ያለ ልዩነት በየሦስት ወሩ ክኒን ማደል የምንቀጥል ከሆነ ግን የምናጠፋው ይህንኑ መጠባበቂያ ነው።

አንድ ማታለያ ደግሞ አለ፤ ባለ መደብሮች ሳታስቡት የምትሠሩት ነውና ልንገራችሁ። አልቤንዳዞል አልሠራ ሲል ፌንቤንዳዞል ይሰጣል፣ እሱም ሲያቅተው ኦክስፌንዳዞል ይፈለጋል፤ ካርቶኑ ይለያያል፣ የመጣበት አገር ይለያያል፣ ገበሬውም መድኃኒት የተቀየረለት ይመስለዋል። ስማቸው በ«ዳዞል» ያለቀው እነዚህ ሁሉ ያንኑ ፕሮቲን የሚነኩ ወንድማማቾች ናቸው፤ አንዱን የተላመደ ትል ለሌላውም አይበገርም። ለውጥ ካስፈለገ ወደ ሌላ ቤተሰብ ነው የሚለወጠው፤ ያውም በምርመራ እንጂ በግምት አይደለም።

ጉዳዩ በበግ በረት አያበቃም። መንግሥት በ2015 እ.ኤ.አ. የትምህርት ቤት ልጆችን በብሔራዊ ደረጃ ከሆድ ትል ማከም ሲጀምር ከልጆቹ እጅ የገባው መድኃኒት የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ 500 ሚሊ ግራም የሆነው ሜቤንዳዞል። የልጁ ትልና የበጉ ትል ዝርያቸው ይለያያል፣ የበጉ ትል የልጁን ትል አያስተምርም። መድኃኒቱ የሚመታው ቦታ ግን አንድ ነው፣ የሚሸነፍበትም መንገድ አንድ ነው፤ ከኬንያና ከሄይቲ ሰዎች በተሰበሰበ የጅራፍ ትል ላይ ያ የ200ኛው ቦታ ለውጥ ተገኝቷል። በየቤቱ ከመሳቢያ እየተመዘዘ «ሆዴን ሲነፋኝ» ተብሎ የሚዋጠው ግማሽ ክኒን፣ ይባስ ብሎም የበጉ ክኒን ለሰው ሲሰጥ፣ ልጆቻችንን ወደዚያው መንገድ እየነዳቸው ነው። የልጅ ልጆቻችሁን ፊት እያያችሁ ይህን አስቡት።

ጊዜው አላለፈም የምለው ለማጽናናት አይደለም። መመለሻው ከእጃችን ያልራቀ፣ ብዙ ገንዘብም የማይፈልግ ስለሆነ ነው። ደቡብ አፍሪካውያን ከዚያ ሁሉ መከራ በኋላ ያወጡት ፋማቻ የተባለ ሰሌዳ የበጓን የዓይን ቆብ ከቀይ እስከ ነጭ በአምስት ደረጃ እያስተያየ ማን መታከም እንዳለባት ይነግራል፤ የነጣችው ትታከማለች፣ የቀላችው ትተዋለች። ለካርድ ገንዘብ ባይኖር እንኳ የዓይን ቆብ ገልጦ ማየት የማይችል እረኛ በአገራችን የለም፤ ማስተማር ያለብን እኛ ነን። የመንዝን በግ ደግሞ አትናቁት። በደብረ ብርሃን ከሆሮ በግ ጋር ሲነጻጸር የመንዙ ግልገል በትል በተበከለው ደጋ ላይ የተሻለ በሕይወት ሲተርፍ ታይቷል፤ ጉልበቷን ከአያቶቿ የወረሰችን በግ በየወሩ በክኒን መደገፍ ጉልበቷንም ጥቅሟንም ማጥፋት ነው። የሚታከመው እንስሳ ሚዛን ባይኖር በደረት ዙሪያ ገመድ ተለክቶ፣ ለመንጋው በጅምላ የሚሰጥ ከሆነም የከባዱን ክብደት ይዞ ሙሉውን ይውሰድ። የእናቲቱ ብር ለአንዷ ብቻ የሚበቃ ከሆነ በጣም የነጣችው አንዷ ሙሉ መጠኗን ትዋጥ፣ ሦስቱ ይቆዩ፤ ይህንን ለእናቲቱ ማስረዳት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ከገበያ የተገዛ አዲስ በግ ከመንጋው ጋር ወዲያው አይቀላቀል፤ የሌላ ቀበሌ ትል ይዞ ሊመጣ ይችላል። በፀሐይ ላይ ተዘርግቶ የሚሸጠውን፣ ማሸጊያው የተቀደደውን ክኒን በገበያችሁ አታሳድሩት።

ከሁሉ በፊት ግን የቆምንበትን እንወቅ። በዚህ ክረምት ማብቂያ ላይ፣ ትሉ በሚበዛበት በመስከረም፣ እያንዳንዳችሁ ከአንድ መንደር አሥር ወይም አሥራ አምስት በግ ምረጡ። ከየአንዳንዷ ትኩስ በጠጥ ከፊንጢጣዋ ውሰዱ፣ እንቁላሉን በማክማስተር ስላይድ ቁጠሩ፣ ክብደቷን ለክታችሁ ሙሉ መጠን በእጃችሁ ስጧት፤ በ14ኛው ቀን ተመልሳችሁ ያንኑ ቁጠሩ። ማይክሮስኮፕ የሌላችሁ ናሙናውን በቀዝቃዛ ዕቃ ይዛችሁ ወደ ኮምቦልቻ፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ሰበታ ላቦራቶሪ አድርሱት። እንቁላሉ ከ95 በመቶ በላይ ከቀነሰ መድኃኒቱ በዚያ መንደር በሕይወት አለ፣ ጠብቁት። ከዚያ በታች ከሆነ ለዚያ መንጋ አልቤንዳዞልንም ወንድሞቹንም መስጠት አቁሙ፣ ውጤቱን በመዝገብ ጻፉ፣ በዚያው ሳምንትም ለጎረቤት ቀበሌ ባለሙያ ንገሩት፤ የእናንተ በጎችና የእሱ በጎች ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሸጡት በአንድ ገበያ ነው።